መልሱ መቼ ይገለጥ?

ተማሪው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የፊዚክስ መልመጃ ይዞ ተቀምጧል። ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሣጥን አለ፤ የሰበቃ ኃይሉን ፈልግ ይላል። ኃይሎቹን በቀስት ሥሎ ሳይጨርስ ስልኩን ከፈተ። መፍትሔው ተሠርቶ ጠበቀው። መስመር በመስመር ሲያነበው ሁሉም ገባው። በባዶ ወረቀት ልሥራው ሲል ግን የመጀመሪያዋን ቀስት ወዴት እንደሚያዞራት ጠፋው።

አሜሪካ ውስጥ ይህች ቅጽበት ትልቅ ገበያ ሆናለች። የካሊፎርኒያው ኩባንያ ቸግ የመማሪያ መጻሕፍት መልሶችን በወር 15 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ቆየ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አሳታሚው ፒርሰን በኒውጀርሲ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ የምዕራፍ መጨረሻ ጥያቄዎቼን እየቀዳና ቃላቸውን እየለወጠ ይነግድባቸዋል የሚል ነበር ክሱ። ቸግ ክሱን አልተቀበለም።

ክርክሩ ረቂቅ ነው። የኒውተን ሕግ ባለቤት የለውም፤ የሒሳብ ውጤትም እንዲሁ። ጥያቄውን ያቀናበረው ደራሲ ግን አሳቡን በራሱ ቃልና ቅደም ተከተል አዋቅሯል፤ ሕግ የሚጠብቀው ይህንን ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996ም መስመሩን እዚሁ ያሰምራል፤ አሳብና ቀመር አይጠበቁም፣ የተገለጹበት መንገድ ግን ይጠበቃል። መጽሐፍን ከነጥያቄው ስካን አድርጎ በቴሌግራም የሚበትን ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

መልስ ማካፈልን ግን በጅምላ ነውር አልለውም። አስተማሪ በሌለበት ብቻውን የሚማር ልጅ የት እንደተሳሳተ የሚያይበት ሌላ መስታወት የለውም። ብዙ የሒሳብ መጻሕፍት የጎዶሎ ቁጥር ጥያቄዎችን መልስ ከጀርባቸው የሚያትሙት ለዚህ ነው። ጉዳቱ ያለው በጊዜው ላይ ነው፤ ከሙከራ በኋላ የመጣ መልስ ያስተምራል፣ ቀድሞ የመጣ ግን ሙከራውን ይነጥቃል።

መልሱ የሚገለጥበትን ይህን ጊዜ ግን ፍርድ ቤት ሊጠብቀው አይችልም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሙ ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የቸግ አክሲዮን በአንድ ቀን ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። ሲሸጥ የነበረው መልስ በነፃ መገኘት ጀመረ። ስለዚህ ጥበቃው ወደ መምህሩ ተመልሷል። አሳይመንቱ በተሰበሰበ ማግስት ሙሉ መፍትሔውን ራሱ ይለጥፍ፤ ከዚያም ተማሪውን ወደ ሰሌዳው ጠርቶ ጠመኔውን ይስጠውና እስቲ የመጀመሪያዋን ቀስት ሣላት ይበለው።