የኮምፒዩተሩ ሰዓትና የልጄ የክትባት ቀጠሮ

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ቤቴ ባለው ኮምፒዩተር ላይ አንድ የቀን መቍጠሪያ ፕሮግራም አስገባሁ። ፕሮግራሙ «የማሽኑን ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቈጣጠር አድርግ» የሚል ቍልፍ ነበረው። ቍልፉን ስነካ ማሽኑ፥ ይህ ፕሮግራም በኮምፒዩተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉን ሲል ጠየቀኝ፤ እኔም በቅጡ ሳላነብ ፈቀድሁ። ወዲያው 2025 ይል የነበረው 2017፥ ዘጠኝ ሰዓት ይል የነበረውም ሦስት ሰዓት አለ። በውጭ አገር ስማር ይህንኑ ስመኝ ኖሬ ነበርና ደስ አለኝ።

በማግስቱ የኢንተርኔት ገጾች አንከፈትም አሉ። ጥፋቱን በመስመሩ አሳብቤ፥ በእጅ ስልኬ እየሠራሁ ነገሩን ቸል አልሁት። ነገር ግን እያንዳንዱ ገጽ፥ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል ማረጋገጫ ይዞ ይመጣል፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ማሽንም ቀኑ ገና አልደረሰም ብሎ አይቀበለውም።

የከፋው ኋላ ታወቀ። የሴት ልጄ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት፥ ማለት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ዕድሜ የሚሰጠው፥ በመጋቢት ይውል ነበር። የሚያስታውሰኝን ደወልም በዚያው ማሽን አስቀድሜ ሞልቼ ነበር። መጋቢት ገብቶ ወጣ፤ ደወሉ ግን አልጮኸም። ለማሽኑ ቀጠሮው ገና ስምንት ዓመት ይቀረው ነበርና። በሚያዝያ ባለቤቴ ካርዱን ከሣጥን አውጥታ፥ «የሰው ልጅ ስትቈጥር ትውላለህ፤ የራስህን ማን ይቍጠርልህ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የአቃቂ ሰው የውኃ ምሳሌ ቶሎ ይገባዋል። በጓዳችን ያለውን ቧንቧ ብንዘጋ የሚደርቀው ጓዳችን ብቻ ነው፤ የግቢውን መዝጊያ ብንዘጋ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ይጠማል። የፊደሉ መጠንና የገጹ ቀለም የአንዱ ፕሮግራም የጓዳ ቧንቧ ናቸው። ሰዓቱ፥ ድምፁ፥ የማያው ብርሃንና የጽሕፈት ገበታው ግን የጋራ ናቸው፤ አንዱ ፕሮግራም ከነካቸው ሌሎቹም እንደዚያው ያድራሉ። ድምፅና ብርሃን ሲለወጡ ጆሮና ዓይን ወዲያው ያውቃሉ፤ ሰዓት ግን ዝም ብሎ ያሳስታል።

ስለዚህ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቈጣጠር ትተን፥ የሰዓት ክልሉን ሦስት ሰዓት በሚቀድመው ላይ ማድረግ ይገባል። በአንዳንድ ማሽን ይህ ክልል በናይሮቢ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የኛም ሰዓት ያው ስለ ሆነ አያሳስብም። ቀኑ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውንም መክፈት ነው። የኢትዮጵያን ዘመን ለማየት የፈለገ ሰው፥ ቀኑን ለውጦ የሚያሳይ እንጂ የማሽኑን ሰዓት የማይነካ ፕሮግራም ይምረጥ።

ልጄ በሚያዝያ ክትባቷን አገኘች። የዘገየ የኩፍኝ ክትባት ወዲያው ይሰጣል እንጂ እንደ ገና ከመጀመሪያው አይጀመርም። ካርዱን እናቷ ከኮምፒዩተሩ በላይ በግድግዳው ሰቅላዋለች።