ከፍታን መፍራትና የኢብን ሲና ጣውላ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ የጀመዓችን ወንድም ከዐስር ሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ ጉዳዩን አጫወተን። ለዓመታት ቆጥበው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸዋል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ግን ደረጃውን ስትወጣ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትደርሰው። አንዴ ከገባች አትወጣም። ልብስ ለማስጣት እንኳ በረንዳው ላይ አትቆምም። እናቱ “ጂን ለክፏት ነው” ይላሉ፤ ጎረቤቱ “ኢማኗ ሳስቶ ነው” ይላል። እርሱ ደግሞ ቤቱን አከራይቶ ወደ ኪራይ ቤት ለመመለስ አስቧል። “ምን ትመክሩናላችሁ?” አለን።

እውነቱን ለመናገር፣ ቀደም ባሉት ዓመታት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልን “ዱዓ አብዙ” ብለን ብቻ እናሰናብት ነበር። ዱዓ የሙእሚን መሣሪያ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምናን በተመለከተ ለጠየቋቸው የገጠር ዐረቦች የሰጡት መልስ “ታከሙ” የሚል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ፍርሃትና ስለ ሕክምናው ያወቅነውን እናካፍላችኋለን።

በመጀመሪያ የኢማኑን ነገር እናንሳ። በሱረቱ ጣሃ ውስጥ የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ያነበበ ሰው፣ የድግምተኞቹ ገመዶችና በትሮች የሚንቀሳቀሱ መስለው በታዩአቸው ጊዜ በውስጣቸው ፍርሃት እንደተሰማቸው ያውቃል። ሙፈሲሮች የፍርሃቱን ምክንያት በተለያየ መንገድ ቢያብራሩትም፣ ፍርሃት እንደተሰማቸው ግን ቁርኣኑ ራሱ ይነግረናል። በነቢይ ላይ የደረሰ ስሜት በአንዲት እኅት ላይ ሲደርስ የኢማን ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠርባት አይገባም።

ከሙስሊም ሊቃውንት መካከል በ1037 እ.ኤ.አ ያረፈው ኢብን ሲና “አሽ-ሺፋእ” በተሰኘው ሥራው፣ ስለ ነፍስ በሚናገረው ክፍል አንድ ቀላል ምሳሌ አስቀምጧል። አንድ ጣውላ መሬት ላይ ቢዘረጋ ሰው ያለ ችግር ይራመድበታል። ያው ጣውላ ገደል ላይ እንደ ድልድይ ቢጋደም ግን ያው ሰው ቀስ እያለ ካልሆነ ሊሻገርበት አይደፍርም። የጣውላው ስፋት አልተለወጠም፤ የሰውየው እግርም ያው ነው። የተለወጠው በሐሳቡ ውስጥ የተሳለው የመውደቅ ምስል ነው፤ ያ ምስል አካልን ያዛል። ኢማም አል-ገዛሊም “ተሃፉት አል-ፈላሲፋ” በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ ምሳሌ አውስተውታል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። “ቨርቹዋል ሪያሊቲ” የሚባል መሣሪያ አለ። እንደ መነጽር ዓይን ላይ የሚታሰር ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ዓይን በጥቂቱ የሚለያይ ምስል ያሳያል። ጭንቅላት ሲዞር ምስሉም አብሮ ይዞራል፤ ወደ ታች ያጎነበሰ ሰው ገደሉን ከእግሩ ሥር ያየዋል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎችን በዚህ መሣሪያ አማካይነት ወለሉ ጥልቅ ጉድጓድ የሆነ ክፍል አሳዩአቸው፤ የልብ ምታቸውም ጨመረ። ከእግራቸው ሥር 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው እውነተኛ ጣውላ ተደርጎ ጠርዙን በእግራቸው ሲዳስሱ ደግሞ የልባቸው ምት ይበልጥ ጨመረ። አስተውሉ፤ ሰዎቹ በተራ ክፍል ውስጥ እንደቆሙ ያውቁ ነበር! ማወቃቸው ልባቸውን አላረጋጋውም። “ምንም የለም እኮ፣ ምን ያስፈራሻል?” የሚለው የቤተሰብ ተግሣጽ የማይሠራውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ይህ ፍርሃት የሚኖረው በመሸሽ ነው። ሰው ከደረጃው በሸሸ ቁጥር ለጊዜው እፎይ ይላል፤ ነገር ግን ልቡ “የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው” ብሎ ይማራል። ሐኪሞቹ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ታማሚው በትንሽ ከፍታ ላይ ፍርሃቱ እስኪበርድ ይቆያል፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል።

በአትላንታ ከተማ ተደርጎ በ1995 እ.ኤ.አ የታተመ ጥናት 20 ተማሪዎችን አሳትፎ ነበር። የተወሰኑት በመነጽሩ ውስጥ በመስታወት አሳንሰር ወጡ፣ በድልድይና በበረንዳ ላይ ቆሙ፤ የተቀሩት ተራ ጠበቁ። የታከሙት ተሻላቸው፤ የጠበቁት እንደነበሩ ቀሩ። በ2018 እ.ኤ.አ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 100 ሰዎችን ይዘው ባደረጉት ጥናት ደግሞ አሠልጣኙ ራሱ በመነጽሩ ውስጥ የሚታይና የሚናገር ምስል ነበር፤ በአካል የተገኘ ሐኪም የሕክምናውን ሥራ አልሠራም። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በሚወስዱ ክፍለ ጊዜያት ከተለማመዱ በኋላ የታከሙት ሰዎች ፍርሃት በአማካይ በ68 በመቶ ቀነሰ። በኔዘርላንድስም በ2019 እ.ኤ.አ 193 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በሞባይል ስልክና በካርቶን መነጽር ብቻ ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

ለእኛ ቤት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ2002 እ.ኤ.አ በአምስተርዳም የተደረገው ነው። መነጽሩን በእውነተኛው ቦታ ላይ ከመለማመድ ጋር አወዳድረው እኩል ውጤት አገኙ። ደረጃ ያለው ሰው መነጽር ባያገኝም መድኃኒቱ ከደጁ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንለይ። ፍርሃት ሁሉ በሽታ አይደለም። ያለ መታጠቂያ ቀበቶ ፎቅ ላይ የሚሠራ የግንባታ ሠራተኛ ቢፈራ፣ ወይም በዐረብ ሀገር የምትሠራ እኅታችን የሕንፃ መስኮት ከውጭ በኩል እንድትወለውል ታዝዛ እምቢ ብትል፣ ፍርሃታቸው አላህ ነፍስን ሊጠብቅበት የሰጠው ጸጋ ነው። እርሱ አይታከምም። በሜዳ ላይ እያለም የሚያዞረው ሰው ደግሞ ጆሮውንና የደም ግፊቱን ይመርመር። ልጅን በረንዳ ላይ አንጠልጥሎ “አትፍራ” የሚል አባትም አለ፤ ይህ ልጁን ማስደንገጥ እንጂ ማስተማር አይደለም።

ለወንድማችን የነገርነው ይህንን ነው። ባለቤቱን በመጀመሪያ ወደ አእምሮ ሐኪም እንዲወስዳት፤ ከዚያም በተነገራት መሠረት አንደኛ ፎቅ ላይ አብሯት እንዲቆም፤ እንዳይጎትታት፣ እንዳይቀልድባት፣ “ይበቃኛል” እስክትል ሳይሆን ፍርሃቷ እስኪቀንስ እንዲታገሣት። እናቱንም እኛው ሄደን አነጋገርናቸው፤ የጂኑ ወሬ ቆመ።

ከሁለት ወር በኋላ ሲነግረን፣ ባለቤቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች፤ ከጎረቤት ልጆች ጋርም ትጫወታለች። ሦስተኛው ገና ነው። ቤቱ አልተከራየም።