ውሃ ጠጥቶ የመጣ ብረት

በአሜሪካ ገጠር፣ ሰፊ መሬት ባለበት ቦታ፣ አንድ ሰው በሆዱ ተኝቶ ጠመንጃውን ያነጣጥራል። ዒላማው 500 ሜትር ርቆ የተሰቀለ ብረት ነው፤ በባዶ ዓይን ነጥብ ነው የሚመስለው። ይተኩስና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሁለት ሰከንድ አለፍ ሲል «ቃ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ድሮ በአገር ቤት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ደወል ይመታ የነበረውን የመኪና ቸርኬ የሚያስታውስ ሰው ድምፁን አይስተውም። ጥይቱ ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ የዘገየው ድምፁ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ500 ሜትር ለመመለስ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይወስድበታል።

ወረቀት ዒላማ ቢሆን ኖሮ ሰውየው መምታት አለመምታቱን ለማየት ግማሽ ኪሎ ሜትር ሄዶ ግማሽ ኪሎ ሜትር መመለስ ነበረበት። ብረት ግን ሲመታ ይጮኻል፣ ይወዛወዛል፣ ወይም ይወድቃል። ለዚህ ነው በዚያ አገር ብዙ ተኳሾች ይህን ዒላማ በገዛ እጃቸው፣ በጓሯቸው የሚሠሩት።

ብረት ከመምጣቱ በፊት ዒላማው ሕይወት ያለው እንስሳ እንደነበር ይነገራል። በሜክሲኮ በግ ወይም ዶሮ ርቆ ይታሰርና፣ መጀመሪያ ደም ያወጣ እንስሳውን ይወስድ ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 በሜክሲኮ ሲቲ ከብረት በተቆረጠ የእንስሳ ቅርጽ መወዳደር ተጀመረ፤ ጨዋታውም ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እስከ ዛሬ ቅርጾቹ አራት ናቸው። ዶሮ በ200 ሜትር፣ ከርከሮ በ300፣ እዚህ እስራኤል ሆዱ የሚባለው ትልቁ ዶሮ በ385፣ በግ ደግሞ በ500 ሜትር ይቆማሉ። መምታት ብቻውን አይቆጠርም፤ ብረቱ መውደቅ አለበት። በጉ ከሁሉም ርቆ መቆሙ ብቻ ሳይሆን ክብደቱም አለ፤ ዳር ዳሩን የነካ ጥይት ነቅነቅ አድርጎት ያልፋል እንጂ አይጥለውም።

ታዲያ የቤት ሠራተኛው የመጀመሪያ ስህተት ብረት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ከቆሻሻ መጣያ ያገኘውን ላሜራ ይሰቅላል። ተራ ብረት ለስላሳ ነው፤ የጠመንጃ ጥይት ሲያርፍበት ይጎደጉዳል፣ የጉድጓዱ ከንፈርም እንደ ሳህን ጠርዝ ወደ ላይ ይነሳል። ቀጣዩ ጥይት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ፍንጣሪው ዞሮ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ዓይን የሚያጠፋው ይህ ነው።

ለዒላማ የሚሆነው ኤአር 500 የሚባለው ጠንካራ ብረት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለተኩስ አልነበረም፤ ድንጋይና አሸዋ የማይበላው ሆኖ ለማዕድን ማውጫ ገልባጭ መኪናዎችና ለቁፋሮ ማሽን አካፋ ነው። ብሪኔል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 500 ገደማ ይደርሳል፤ ተራው ብረት ከ120 እስከ 160 ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ልሙጥና ጠንካራ ብረት ላይ ያረፈ እርሳስ እዚያው ተፈርክሶ በብረቱ ፊት ላይ ወደ ጎን ይበተናል፤ የሚቀረው ክብ ግራጫ ምልክት ብቻ ነው።

ጥሩ ብረት ገዝቶ ማበላሸትም አለ፤ እዚህ ላይ የአገር ቤት አባቶች ከአሜሪካዊው ቀድመው ነገሩን ይረዱታል። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ወንዶች ወናፍ እየነፉ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረዋል። (ቀን ማረሻውን ያሠራ ጎረቤት ማታ «ቡዳ» ይላቸው እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።) ስለት የሚፈለግበትን ብረት በከሰል አግለው፣ ቀጥቅጠው፣ በጋለበት ውሃ ያጠጡታል፤ ይጠነክራል። እንደገና አግለው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ከተዉት ግን ይለሰልሳል፣ ስለቱም ይታጠፋል። ይህን ለማወቅ መለኪያ አላስፈለጋቸውም፤ የብረቱን ቀለምና የመዶሻውን ድምፅ ነበር የሚያዩትና የሚሰሙት።

ኤአር 500 ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ውሃ ጠጥቶ የወጣ ብረት ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ብዙ ሲሞቅ ጥንካሬው መላላት ይጀምራል። የቤት ሠራተኛው በጋዝ እሳት ክብ አድርጎ ሲቆርጠው፣ ወይም ማንጠልጠያ ቀለበት ሲበይድበት፣ እሳቱ የነካው ዙሪያ ለስልሶ ይቀራል። ዓይን አይለየውም፣ በቀለም ተሸፍኖ አዲስ ይመስላል። ጥይት ሲያርፍበት ግን ልክ እንደ ተራው ላሜራ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ብረቱን በከፍተኛ የውሃ ግፊት በሚቆርጥ ማሽን ያስቆርጡታል፤ የቡሎኑንም ቀዳዳ አብረው ያስወጣሉ። ብየዳ የሚያገኘው ማቆሚያው ብቻ ነው።

አሰቃቀሉም የራሱ ብልሃት አለው። ራሱ ክብና ልሙጥ የሆነ ቡሎን ከፊት ይገባል፣ ዳዶውና ሰንሰለቱ ከኋላ ይሆናሉ። ከኋላ የተያዘ ብረት በራሱ ክብደት አናቱን ወደ ተኳሹ ዘንበል፣ እግሩን ወደ ኋላ ሸሸት ያደርጋል፤ ፍንጣሪውም ወደ መሬት ይወርዳል። አንዳንዶች ሰንሰለቱን ትተው በአሮጌ የእሳት አደጋ ቱቦ ወይም በወፍራም ጎማ ያንጠለጥሉታል፤ ጎማ ጥይት ቢያገኘው ይበሳል እንጂ እንደ ሰንሰለት አይፈነጣጠርም። ከብረቱ በስተኋላ ደግሞ ጥይት የሚያስቀር የአፈር ኮረብታ ካልኖረ፣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሳተ ጥይት ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል።

ለተለመደው ጠመንጃ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይበቃል። ርቀቱ ግን ከ90 ሜትር በታች መሆን የለበትም፤ በቅርብ የተተኮሰ ፈጣን ጥይት ጠንካራውንም ብረት ይቦረቡረዋል። ልቡ ብረት የሆነ ጥይት ፈጽሞ አይተኮስበትም። ተኳሹም፣ አጠገቡ ቆሞ የሚያየውም፣ መከላከያ መነጽር ያደርጋሉ።

በእስራኤል የግል መሣሪያ ፈቃድ ያለው ሰው የሚለማመደው በተፈቀደለት መተኮሻ ቦታ ነው፤ ሜዳ ላይ ብረት ሰቅሎ መተኮስ እዚህ የሚታሰብ አይደለም። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ና፣ ጓሮ ሄደን እንተኩስ» ብሎ የሚጋብዘው ልጅ ግን አይጠፋም። ያ ልጅ መነጽሩን ካደረገ በኋላ፣ ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ ወደ ብረቱ ሄዶ ፊቱን በመዳፉ ይዳብሰው። ልሙጥ ከሆነ ደህና። ጣት የሚይዝ ጉድጓድ ወይም የተነሳ ከንፈር ካገኘ፣ ያ ብረት በዚያን ቀን ወርዶ ይጣላል።