የፖሊስ ሠራተኛና የእጅ ስልኩ

መንግሥት ለአንድ ሰው የፖሊስ ልብስ በሚያለብስበት ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ሥልጣንና አደራ ነው። ሥልጣኑ በልብሱና በመሣሪያው ስለሚታይ ማንም ሰው ያውቀዋል፤ አደራው ግን በልብ የተሰወረ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በተጠበቀ ጊዜ ሳይሆን በጐደለ ጊዜ ነው። ፖሊስ ሌላው ሰው ከማይገባበት ቤት ይገባል፤ ሌላው ሰው ሊያየው የማይገባውን ሬሳ ያያል፤ ከተበዳዩም ከበዳዩም ከምስክሩም አፍ ለጎረቤት የማይነገረውን ቃል ይሰማል። የንስሐ አባት የሰማውን በልቡ ይዞ እንደሚኖር፥ ፖሊስም ያየውንና የሰማውን ሕግ ከሚያዘው መንገድ በቀር ለማንም እንዳያወጣ የሥራው ጠባይ ያስገድደዋል።

ቀድሞ ይህን አደራ ማጉደል የሚቻለው በአፍ ነበር፤ በአፍ የተነገረውም ነገር ከሰፈር ወደ ሰፈር እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ይፈጅ፥ አንዳንዴም በመንገድ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ግን በሠራተኛው ኪስ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፥ ድምፅ የሚቀዳ፥ የተጻፈውንም በቅጽበት ባሕር ማዶ የሚያደርስ የእጅ ስልክ አለ። አባቶች «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ስለ ቃል ነው፤ ከስልክ የወጣ ፎቶግራፍ ግን አፋፉንም ተሻግሮ ስለሚሄድ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የፖሊስ ሠራተኞች በሥራ ላይ ሳሉ ስለ እጅ ስልክና ይህን ስለ መሰለው መሣሪያ ሁሉ የሚመሩበት ደንብ ምን መምሰል እንደሚገባው፥ በሌላ አገር የደረሰውን እየጠቀስን ጥቂት ለማመልከት እንወዳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ2020 ዓ.ም. በሰኔ ወር ለንደን ውስጥ ዌምብሊ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ መናፈሻ ሁለት እኅትማማቾች ተገድለው ተገኙ። ማንም ሰው ወደ ሥፍራው እንዳይቀርብና ማስረጃው እንዳይበላሽ ሁለት ፖሊሶች በጥበቃ ላይ ቆሙ። እነዚህ ጠባቂዎች ግን እንዲጠብቁ የታዘዙትን ራሳቸው ደፍረው፥ የሟቾቹን ሬሳ በእጅ ስልካቸው ፎቶግራፍ አነሡ፤ በዋትስአፕም ለጓደኞቻቸው ላኩ። ከሁለቱ አንደኛው የራሱን ፊት ከፎቶግራፉ ጋራ አጣምሮ መቀለጃ አደረገው። ነገሩ ተገልጦ ለፍርድ ቀረቡና፥ በ2021 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በመንግሥት ሥራ ላይ በፈጸሙት በደል እያንዳንዳቸው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ይህን ነገር ለማሰብ የሚከብድ ነው። ወላጅ ልጆቹን በነፍሰ ገዳይ እጅ ከተነጠቀ በኋላ፥ ሬሳቸውን ይጠብቃል ብሎ ያመነው ሰው እንደ ዋዛ ፈዛዛ መጫወቻ እንዳደረጋቸው ሲሰማ ሐዘኑ ሁለተኛ ይጀምራል። የእስራቱ ፍርድ በዳዮቹን ይቀጣ ይሆናል፤ የተላከውን ፎቶግራፍ ግን ካዩት ሰዎች ዓይን ሊፍቀው አይችልም። ደግሞም እንዲህ ያለው ጥፋት በአንድ ቀን የሚበቅል አይደለም። በ2022 ዓ.ም. በየካቲት ወር የእንግሊዝ ፖሊስን ጠባይ የሚመረምረው ነጻ መሥሪያ ቤት፥ በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ፖሊስ ጣቢያ ስለ ነበሩ ሠራተኞች ያወጣው ጽሑፍ፥ ባልደረቦቹ በስልክ እርስ በርሳቸው ይጻጻፉት የነበረው ነገር ሴቶችን የሚያዋርድና ዘርን የሚሰድብ እንደ ነበር ገልጧል፤ ለእርማትም 15 ምክሮች አቅርቧል። ጸሐፊዎቹ ቀልድ ነው ይሉ ነበር። ዳሩ ግን ሰው በምሥጢር የሚስቅበትን ሰው በአደባባይ እኩል አድርጎ ለመዳኘት እንዴት ይቻለዋል?

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የቀለለ ቢመስልም፥ ለአለቆች የሚሰጠው ትምህርት ግን የበለጠ ነው። በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ክፍል የምትገኘው የኦንታሪዮ ከተማ አስተዳደር በ2001 ዓ.ም. የጽሑፍ መልእክት የሚልኩና የሚቀበሉ 20 ፔጀሮች አምጥቶ ለፖሊሶቹ አደለ። በየወሩ የሚላከው ፊደል ልክ ነበረው፤ ከልኩ ያለፈውም ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍል ነበር። ስለ ኮምፒውተርና ስለ ኢሜይል የወጣው የከተማው ደንብ ሠራተኛው የሚጽፈው ሁሉ ሊመረመር እንደሚችል የሚናገር ነበር፤ የፔጀሩም መልእክት እንደዚሁ እንደሚቈጠር በስብሰባ ተነግሮ ነበር። ዳሩ ግን የሒሳቡ ኀላፊ የነበረው የመቶ አለቃ፥ ከልክ ያለፈውን ገንዘብ ከከፈላችሁ መልእክታችሁን አልመረምርም የሚል አነጋገር ተናገረ። እንግዲህ ጽሑፉ አንድ ነገር፥ የአለቃው አፍ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ወራት ካለፉ በኋላ የመቶ አለቃው ገንዘብ መሰብሰብ ሰለቸው። የፖሊሱም ዋና አዛዥ፥ የተወሰነው ልክ ለሥራ አንሶ እንደ ሆነ ወይም ሠራተኞቹ ለግል ጉዳያቸው ይጽፉበት እንደ ሆነ ለማወቅ ብሎ የነሐሴንና የመስከረምን 2002 ዓ.ም. መልእክቶች አስመረመረ። የአንድ ሳጅን መልእክት ሲቈጠር፥ በነሐሴ ወር በሥራ ሰዓት ከላካቸውና ከተቀበላቸው 456 መልእክቶች ውስጥ የሥራ የሆኑት ከ57 አይበልጡም ነበር፤ በአንድ የሥራ ቀን እስከ 80 የደረሰበትም ጊዜ ነበር። ከመልእክቶቹም ለመንግሥት መሣሪያ የማይገባ ነውር ያለባቸው ተገኙ። ሳጅኑም ምሥጢሬ ተደፈረ ብሎ ከሰሰ። በ2008 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት ለእርሱ ፈረደ፤ በ2010 ዓ.ም. በሰኔ 17 ቀን ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ለከተማው ፈረደ። ምክንያቱም ምርመራው ለሥራ ጉዳይ የተደረገ፥ በሁለት ወር የተወሰነ፥ ሳጅኑ ከሥራ ውጭ ሳለ የጻፈውም ተሸፍኖ የቀረ ስለ ሆነ ከልክ ያለፈ አይደለም የሚል ነው።

ከተማው ረታ፤ ነገር ግን መልእክቶቹ ከተመረመሩበት ጊዜ አንሥቶ ፍርዱ እስኪያበቃ ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ። ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ደንብ ስላልነበረ አይደለም፤ የተጻፈውን ደንብ የአንድ አለቃ ቸርነት ስላላላው ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደ ተባለ፥ አለቃ ለማቅለል ብሎ የሚከፍታት ትንሽ ቀዳዳ ለትልቅ ክርክር መግቢያ ትሆናለች። የመቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሠራተኞቹ ያዘነ መስሎት ነበር። ይሁን እንጂ ለሠራተኛ የሚያዝን አለቃ ደንቡን በግልጥ ያስተምረዋል እንጂ በቃል ተስፋ አያዘናጋውም።

አንዳንድ ሰው «የመንግሥቱን ስልክ እተወዋለሁ፤ በራሴ ስልክ የምጽፈውን ግን ማን ይጠይቀኛል?» ይል ይሆናል። ይህም አስተያየት ከስሕተት የራቀ አይደለም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ዓ.ም. የሳን ሆሴ ከተማን ክርክር ሲወስን፥ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ መንግሥት ሥራ የጻፈው መልእክት በግል ስልኩ ቢሆንም እንኳ ሕዝብ ሊጠይቀው የሚችል የመንግሥት ጽሑፍ ሊሆን እንደሚችል ፈርዷል። ነገሩን የሚወስነው የመሣሪያው ባለቤት ማንነት ሳይሆን የተጻፈው ጉዳይ ነው። ስለዚህ በግል ስልኩ የአደጋ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ወይም ከምስክር ጋራ የሚጻጻፍ ፖሊስ፥ ሳያስበው ስልኩን ማስረጃ ያደርገዋል፤ ያነሣውን ከመዝገቡ ጋራ ሳያገናኝ ቢያጠፋው ደግሞ ንጹሑን ሰው ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የሰው እስራትና ነጻነት በእንዲህ ያለ ቸልተኛነት ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም።

በሌላው ወገን ደግሞ የፖሊስ ሠራተኛም ሰው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የታመመ ልጅ፥ የምትወልድ ሚስት፥ ያረጀች እናት ያለችው ሰው ነው። በሥራ ሰዓት ስልክ የሚባል ነገር እንዳይነካ የሚያዝ ደንብ ቢወጣ፥ በመጀመሪያ የሚያፈርሰው የሚወደደው ትጉህ ሠራተኛ ይሆናል፤ የማይፈጸም ደንብም ሌሎቹን ደንቦች ያስንቃል። መርማሪውም ልክ ሊኖረው ይገባል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ዓ.ም. ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ፥ አስቸኳይ አደጋ ካልሆነ በቀር፥ ያለ ዳኛ ፈቃድ ከፍቶ እንዳያይ ወስኗል። በአገራችንም እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት፥ በ24ኛው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም፥ በ26ኛው አንቀጽ ደግሞ በፖስታ፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት እንዳይደፈር አድርጎ አኑሯል፤ ባለሥልጣኖችም ይህን መብት እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያዛል። እንግዲህ የሌላውን ሰው ምሥጢር እንዲያከብር የሚታዘዝ ፖሊስ፥ የራሱም ምሥጢር ያለ ምክንያት እንደማይበረበር ማወቅ ይገባዋል።

በእኛ አስተያየት መልካም ደንብ የሚከተሉትን ነገሮች ሊይዝ ይገባል። አንደኛ፥ ለሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከመንግሥት ይሰጥ፤ ሊመረመር እንደሚችልም ለሠራተኛው በጽሑፍ ተነግሮት ይፈርምበት። ሁለተኛ፥ ወንጀል የተፈጸመበት ሥፍራ፥ የሟች፥ የሕፃን፥ የተበዳይና የእስረኛ መልክ በግል ስልክ አይነሣ፤ ግድ ሆኖ ቢነሣም በዚያው ቀን ለአለቃ ቀርቦ ከመዝገብ ጋራ ይያያዝ። ሦስተኛ፥ መኪና በሚነዳበት፥ እስረኛ በሚጠብቅበትና ከባለጉዳይ ጋራ በሚነጋገርበት ጊዜ የግል ስልክ አይያዝ፤ በዕረፍት ሰዓትና ለቤተ ሰብ ችግር ግን ይፈቀድ። አራተኛ፥ ምርመራ ሲያስፈልግ ምክንያቱ ተጽፎ፥ ጊዜው ተወስኖ፥ የግል የሆነው ነገር ተሸፍኖ ይደረግ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አምስተኛው ነው፤ ይኸውም ደንቡ ከዋናው አዛዥ ጀምሮ እስከ ተራው ፖሊስ ድረስ እኩል እንዲጸና ነው። አለቃው በስብሰባ ላይ ስልኩን እያየ ሠራተኛውን ስልክህን አስቀምጥ ቢለው፥ ትእዛዙ ከጆሮ አያልፍም። በቡድን መልእክት ውስጥ ነውር ሲጻፍ አይቶ ዝም የሚል አለቃም፥ ባይጽፍ እንኳ እንደ ፈቀደ ይቈጠራል።

የእጅ ስልክ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የጠፋ ሕፃን መልክ ላንድ ሺህ ፖሊስ ባንድ ጊዜ የሚያደርስም እርሱ ነው። ክፋቱና ደግነቱ በሚይዘው እጅ ነው። ያ እጅ ደግሞ መንግሥት ልብስ ያለበሰው፥ ሕዝብም በሌሊት ደጁን አንኳኩቶ የሚጠራው እጅ ስለ ሆነ፥ የሚጽፈውንና የሚልከውን ሁሉ የሟች እናት እንደምታነበው አድርጎ ሊያስብ ይገባዋል።