ስልክ ወደ ገጠር እንዴት ይገባል?

ዛሬ ስልክ ለኑሮ አስፈላጊ ነገር ሆኗል። የእህል ዋጋ በስልክ ይጠየቃል። ገንዘብ በስልክ ይላካል። ወላድ ምጥ ሲጠናባት አምቡላንስ በስልክ ይጠራል። ኔትወርክ የሌለበት መንደር ግን ወሬ የሚሰማው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው።

ታዲያ ስልክ ለምን ለሁሉም እኩል አልተዳረሰም?

የማሳ ጠባቂ ማማ ላይ ወጥቶ ሩቅ ያያል። የስልክ ማማም ከፍ ብሎ ተተክሎ የሩቁን ድምፅ ይቀበላል፤ መልሶም ያስተላልፋል። ማማ ለመትከል ብዙ ገንዘብ ይወጣል። በከተማ ተጠቃሚው ብዙ ስለሆነ ወጪው ቶሎ ይመለሳል። በተራራና በቆላ መንደር ግን ሰው ጥቂት ነው፤ መንገድና መብራትም የለም። ድርጅት ትርፉን ያሰላና ይተወዋል።

እዚህ ላይ መንግሥት ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚሆን የጋራ ገንዘብ ይቋቋማል፤ ይህም ፈንድ ይባላል። አሠራሩ ዕድርን ይመስላል። ዕድርተኛው ሁሉ ያዋጣል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ችግር ለደረሰበት ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 እንዲህ ያለ ፈንድ እንዲኖር ደንግጓል። ገንዘቡ የሕዝብ ስለሆነ ማንም እንደ ምጽዋት ሊያየው አይገባም።

ማማው ቢተከልም ሥራው ገና ግማሽ ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባል የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፍቶ ነበር። ጥሪው በነፃ ነው። ገበሬው ቁጥር እየተጫነ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በቋንቋው ምክር ይሰማል። ተራ ስልክ ይበቃዋል። ነገር ግን ቁጥር የማይለይ ሰው በዚህ እንዴት ይጠቀማል? ስልኩስ በባል ኪስ ብቻ ከዋለ፣ አብራ የምታርመውና የምታጭደው ሚስት ምክሩን መቼ ትሰማለች?

አለማወቅ ጉዳትም ያመጣል። ገንዘብ መላክ የማይችል ሰው ስልኩን ለሌላ ይሰጣል፤ የምስጢር ቁጥሩንም ይነግረዋል። ይህ የጎተራን በር ለሌባ ከፍቶ እንደ መተው ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደብተርና እርሳስ ብቻውን ፊደል አላስቆጠረም። አስተማሪ ወደ መንደር መሄድ ነበረበት። ለስልክም እንዲሁ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ለሦስት ነገር መዋል አለበት፤ ለማማው፣ ድሀ ሊገዛው ለሚችል ስልክና ለትምህርቱ። ማማ ሊበላሽ፣ ስልክም ሊሰበር ይችላል። የተማሩት ግን አብሮ ይኖራል።

ስለዚህ በቀበሌ ስብሰባ «ማማ ሊተከል ነው» ሲባል አጨብጭበን ብቻ አንለያይ። አጠቃቀሙን ማን ያስተምረናል? በምን ቋንቋ? ሴቶችስ ይማራሉ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ብለን እንጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ድርጅቶች በሩቅ መንደር ማማ ለመትከል የማይፈልጉት ለምንድን ነው?
2. ፈንድ ዕድርን የሚመስለው በምንድን ነው?
3. የምስጢር ቁጥርን ለሌላ ሰው መንገር ምን ጉዳት ያመጣል?