የመጨረሻዋ መቆንጠጫ የት ትያዝ?

በክረምት ማለዳ ካዛንቺስ ውስጥ ደጅ ያደረች አሮጌ ኮሮላ ሞተሪኖዋ «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ በግፊ ማስነሳት፣ ወይ ከጎረቤት መኪና ባትሪ መቀበል። ገመድ ይዞ የሚሮጠው ሰው ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ባትሪ ጋዝ ይሠራል።

በእርሳስ ሳህኖቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ሰልፈሪክ አሲድና ውሃ ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ፣ በተለይ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ይከፍለዋል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ 4 እጅ ሲደርስ ይቀጣጠላል፤ እስከ 75 እጅም ያው ነው። የሚፈልገው ብልጭታ ደግሞ ዓይን የማያየው ሊሆን ይችላል። ያኔ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ አሲዱ ጎንበስ ባለው ሰው ፊት ላይ ይረጫል።

«ውሃው ደርቋል፣ ምን ይፈነዳል?» ሲባል እሰማለሁ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ፈሳሹ በወረደ ቁጥር ጋዙ የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ ይሰፋል። የውሃውን ልክ ለማየት ላይተር ለኩሶ ቀዳዳው ላይ መያዝም ሆነ፣ ሁለቱን ገመዶች ፈተግ አድርጎ «አለ፣ አለ» ማለት እብደት የምለው ለዚህ ነው።

ገመድ ሲያያዝ ብልጭ የሚለው በመጨረሻው ንክኪ ነው። ስለዚህ ያ ንክኪ ከጋዙ መራቅ አለበት። መጀመሪያ የደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ የጤነኛው ፖዘቲቭ፣ ከዚያ የጤነኛው ኔጌቲቭ ይያዛል። የመጨረሻዋ መቆንጠጫ ግን የደከመው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አትያዝም፤ ከባትሪው ራቅ ብሎ ሞተሩ ላይ ቀለም ያልነካው ብረት ይፈለግላት። ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ባትሪውን ከመኪናው ለማውጣት ሲሆን ደግሞ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ አለዚያ ፖዘቲቩን የሚፈታው ኪያቬ የመኪናውን ብረት ከነካ የእሳት ፍንጣሪ ነው።

ሌላው ጥፋተኛ ዲናሞው ነው። ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ የሚለካው ቮልት በተለምዶ ከ13.8 እስከ 14.5 ገደማ ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ይፈተሽ፤ ባትሪው እየፈላ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሸተተዎ ሞተሩን አጥፍተው ኮፈኑን ሳይነኩ ራቅ ይበሉ።

የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ከእነሱ ላይ ባትሪ ከመለመንዎ በፊት የመኪናውን መመሪያ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ አምራቾች ይከለክላሉ።

መነጽር ከሌለዎት እንኳ አንድ ሁለት ሀይላንድ ውሃ ኮፈኑ አጠገብ ያኑሩ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት።