ከጾም ወደ ፍስክ፦ የበዓል ሰሞን ጤና በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የበዓል ሰሞን ሕመም ዋና ምክንያቱ የአመጋገብ ለውጡ ድንገተኛነት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የገና ጾም ደግሞ 43 ቀን ያህል ይዘልቃል። ጿሚው በእነዚህ ሳምንታት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ርቆ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ይሰነብታል። ከዚያ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋና ጠላ በአንድ ገበታ ይቀርቡለታል። በረመዳን 29 ወይም 30 ቀን የጾመ ሙስሊምም በዒድ አልፈጥር ማለዳ የመብልና የእንቅልፍ ሰዓቱ ይለወጥበታል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሁለቱም እምነቶች በዓላት በአንድ ሰፈር ስለሚከበሩ የሚነሡት የጤና ጥያቄዎችም ተቀራራቢ ናቸው።

ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበላ የሐሞት ከረጢት ይኮማተራል። ጠጠር ላለበት ሰው ይህ ከቀኝ ጎድን ሥር ለሚነሣ ከባድ ሕመም መነሻ ይሆናል። ጨጓራም ቅባትን የሚያሳልፈው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጠግቦ ወዲያው መተኛት ቃር ያስከትላል። በፋሲካ ሌሊት ከዶሮ ወጡ በፊት ተልባ የመጠጣት ነባር ልማድ እዚህ ላይ ጥቅም አለው። ተልባ የሚያዝለገልግ የአሰር ዓይነት ስላለው ቶሎ የመጥገብ ስሜት ይሰጣል፣ አንጀትንም ያለሰልሳል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት በጥቂት መብላት፣ ከወጡ ጎን ጎመንና ሰላጣ ማቅረብ፣ በቂ ውኃ መጠጣትም ሆድን ያሳርፋል።

የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ጨውና በርበሬ በበዛበት ወጥ ላይ ቆጭቆጫና አዋዜ ሲታከል ይህ መጠን በአንድ ማዕድ ሊታለፍ ይችላል። ድፎ ዳቦ፣ ጠጅና ለስላሳ መጠጥ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ አልኮል ከጠጣ ግን ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። «ዛሬ መጠጥ እጠጣለሁ» ብሎ መድኃኒት መዝለል አንዱን አደጋ በሌላ መተካት ነው፤ የሚሻለው መጠጡን መተው ነው።

ጥሬ ሥጋ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ ነው። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ወጥቶ ግጦሽን ይበክላል። ከብቱ ሣሩን ሲበላ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በጡንቻው ውስጥ የአተር ፍሬ የሚያክል ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ከበላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በአንጀቱ በርካታ ሜትር የሚረዝም ትል ያድጋል። ቀድሞ ሰው የኮሶ ዛፍ አበባ እየጠጣ ያስወጣው ነበር፤ ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ፕራዚኳንተልን የመሰለ መድኃኒት አለ። ሚጥሚጣ፣ ሎሚ ወይም አረቄ እጩን አይገድለውም፤ ለብለብ ክትፎም በቂ ሙቀት አያገኝም። እጩ የሚሞተው ሥጋው እስከ መሐሉ በሚገባ ሲበስል ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ10 ቀን ሲቆይ ነው። መጸዳጃ ቤት በአግባቡ መጠቀም ደግሞ የትሉን ዑደት ከሥሩ ይቆርጣል።

የቅርጫ በሬ ብዙ ጊዜ የሚታረደው በግቢ ውስጥ ነው፤ በቄራ ከእርድ በፊትና በኋላ የሚደረገው የሥጋ ምርመራ በዚያ የለም። ታሞ የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት አባ ሰንጋ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሥጋውን ከመብላት አልፎ ቆዳውን መግፈፍም ለሕይወት ያሰጋል። ነፍሰ ጡር ሴት የበግና የፍየልን ጨምሮ ማንኛውንም ጥሬ ሥጋ ብትተው ይመረጣል፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ፋሲካ የሚውለው ቆላማው አካባቢ እጅግ በሚሞቅበት ወቅት፣ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ነው። ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዳማ ትሞቃለች፤ ከእርሷ ብዙ ዝቅ ብላ የምትገኘው መተሐራ ደግሞ ትብሳለች። የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ለቀናት የሚበላ ዶሮ ወጥ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ቢቀዘቅዝና በየጊዜው የሚበላው ያህል ብቻ ወጥቶ እስኪንተከተክ ቢሞቅ መልካም ነው። ጥሬ ዶሮ የተገነጠለበት ቢላና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይውልም።

በመስከረም የሚከበሩት እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ ከክረምቱ ማብቂያ ጋር ይገጥማሉ። የወባ ትንኝም የምትበዛው ያኔ ነው። ከደጋ ወደ መተሐራ፣ ባቱ ወይም ወንጂ ዘመድ ሊጠይቅ የሚወርድ እንግዳ በሽታውን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ አጎበር ሥር መተኛት አለበት። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከያዘው ሳይውል ሳያድር የደም ምርመራ ያድርግ። በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ መዋኘትም ለብልሃርዝያ ያጋልጣል።

ጉበት አልኮልን የሚያጣራው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። ማታ በአረቄ የሰከረ ሹፌር ጠዋት በፈጣኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲነዳ አልኮሉ ከደሙ ላይወጣ ይችላል። እንቅልፍ ማጣትም ንቃትን ስለሚቀንስ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ሳይተኛ መንዳት የለበትም። ሽንኩርት ሲከትፉና ወጥ ሲያማስሉ ያደሩ እናቶችም ዕረፍት እንዲያገኙ ሥራውን ለቤተሰቡ ሁሉ ማካፈል ተገቢ ነው።

የማያቋርጥ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የደረት ውጋት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ራስን መሳት «በዓሉ ይለፍ» ተብሎ አይታደርም። የሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል በበዓል ቀንም ሕሙማንን ይቀበላል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።